ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፤ ቋንቋው ከአፉ የጠፋበት ተማሪ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በፎገራ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ርብን ይሻገርና ወደ አዲስ ዘመን ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ዳገቱን ይዞ ደብረ ታቦር ይገባል። እኔ ያደግሁት በዚሁ መገንጠያ አጠገብ ነው። በልጅነቴ ደብረ ታቦር ማለት ለእኔ ብርዳም የደጋ ከተማ ብቻ ነበረች። አፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት፣ በአጠገቧም ባለችው በጋፋት መድፍ ያሠሩባት አገር መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የመድፉ ታሪክ ሳይሆን የንጉሡ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ታሪክ ነው።

ስለ ልዑሉ ያልሰማ የዚህ መጽሔት አንባቢ እንደማይኖር አውቃለሁ። ስለ ምርኮው፣ ስለ መቃብሩና ስለ አጽሙ መመለስ ብዙ ተጽፏል። ነገር ግን ልዑል ዓለማየሁ ከምርኮኛነቱ ሌላ ተማሪ ነበር። እንደ እኩዮቹ ደብተር ይዞ ክፍል የተቀመጠ፣ አፉን ባልፈታበት ቋንቋ የተጠየቀ፣ መልስ ሲያጣም ደካማ የተባለ ተማሪ ነበር። ስለዚህኛው ወገኑ የሚነገረው ጥቂት ነው። ክረምቱ እየቀረበ ስለሆነ፣ ከመካከላችንም ብዙዎች ወደየአገራችን ሄደን ለታናናሾቻችን እንግሊዝኛ ለማስጠናት ስለምናስብ፣ ከመነሣታችን በፊት ይህን ሕይወት አብረን ብንመለከተው መልካም ይመስለኛል።

ዓለማየሁ የተወለደው በሚያዝያ ወር 1853 ዓ/ም ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን በየካቲት 1847 ዓ/ም ደረስጌ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ በዚያው በደረስጌ ማርያም ዘውድ እንደ ጫኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ በዚህ ልጅ የአሸናፊውና የተሸናፊው ደም አንድ ላይ ተገናኝቶ ነበር። እቴጌይቱ ዳዊት የሚደግሙ ሴት ነበሩ፤ ከባላቸው ጋር ያሳለፉት የፍቅር ዘመን ግን ረዥም አልነበረም። በዚያ ዘመን የታላላቆች ልጅ ከሰባት ዓመቱ በፊት ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያም ሐዋርያውን ጨርሶ ወደ ዳዊት ይሻገራል። የዓለማየሁም መንገድ ይኸው በሆነ ነበር።

ይሁን እንጂ ዘመኑ ለልጅ የሚሆን ዘመን አልነበረም። ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎችንም አውሮፓውያን አሠሩ። በጥቅምት 1860 ዓ/ም ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ በገደልና በሸለቆ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚያዝዘው የእንግሊዝ ጦርም ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደዚያው አመራ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ/ም አምባው ሲደፈር አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላኩላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። ልጁ ያን ጊዜ ገና ሰባት ዓመት መሙላቱ ነበር።

እንግሊዞች እንደ ጻፉት፣ ልጁ በእነርሱ እጅ እንዲማር የአባቱ ፈቃድ ነበር። እናቱ አብራው ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ጉዞ ጀመረች፤ ነገር ግን ታማ ስለ ነበር መንገዱን አልጨረሰችውም። ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ/ም ትግራይ ውስጥ ዐረፈችና ጨለቆት ተቀበረች። ዓለማየሁ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ።

ከመቅደላ የወጣው ልጁ ብቻ አልነበረም። ከአምባው የተዘረፈውን ንብረት ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተመዝግቧል። ከዘረፋውም ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ነበሩ። እነዚህ መጻሕፍት ዛሬም ለንደን ተቀምጠው ግዕዛቸውን ይናገራሉ፤ ብራና ቋንቋውን አይረሳምና። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ይረሳል።

ልጁን የተረከበው ካፒቴን ስፒዲ የሚባል ቁመተ ረዥም፣ ባለ ቀይ ጢም እንግሊዛዊ ነበር። ይህ ሰው ቀደም ሲል የአፄ ቴዎድሮስን ወታደሮች አሠልጥኖ ስለ ነበር አማርኛ ያውቃል፤ ያገራችንም ሰው ባሻ ፈለቀ ብሎ ይጠራው ነበር። ሙት ልጅ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መካከል ቋንቋውን የሚሰማለት ሰው ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚጠጋው መገመት አያስቸግርም። ዓለማየሁ ሌሊት እየባነነ ይሠቃይ ስለ ነበር ከስፒዲ ሌላ ማንም እንዲያስተኛው አይፈቅድም ነበር።

በሐምሌ 1860 ዓ/ም እንግሊዝ አገር ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ ኦዝቦርን በተባለው ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት፤ ወደዱትም፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ስለ እርሱ መጠየቅን አልተዉም። በዚያው ሰሞን ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ታዋቂ ፎቶግራፍ አንሺ ከስፒዲ ጋር ሥዕሉን አንሥታዋለች። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ልጅ ፊት ብዙ ጊዜ ተመልክቼዋለሁ። አይስቅም፤ አያለቅስም፤ የሚባለውን ለመረዳት እንደሚጥር ሰው ዝም ብሎ ይመለከታል። አዲስ ቋንቋ ወደሚነገርበት ክፍል የመጀመሪያ ቀን የገባ ልጅ ሁሉ የሚያሳየው ፊት ይህ ነው።

እንግሊዝኛውን ግን ቶሎ ያዘ። ስፒዲ ሚስት አግብቶ በመንግሥት ሥራ ወደ ህንድ ሲሄድ ልጁን ይዞት ሄደ፤ ከዚያም ወደ ፔናንግ ተዛወሩ። በእነዚህ ዓመታት ዓለማየሁ እንደ ስፒዲ ቤት ልጅ ሆኖ፣ በጨዋታና በፈረስ ግልቢያ መካከል፣ ማንም ሳያስጨንቀው አፉን በእንግሊዝኛ ፈታ። አማርኛውም የዚያኑ ያህል እየሳሳ ሄደ። አያቱ ወይዘሮ ላቅያዬ ካገር ቤት ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በልጅ ልጃቸው ናፍቆት የተቃጠሉት ሴት የጻፉበትን ቋንቋ ግን ልጁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማያነበውና የማይናገረው ሆነ። ይህን የሚያህል ጉዳት ሲደርስ ከእንግሊዝ ወገን ማንም እንደ ጉዳት አልቆጠረውም፤ እንዲያውም የትምህርቱ መሻሻል ምልክት መስሎ ታያቸው።

ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ የከፋ ነበር። ንግሥቲቱ ልጁ ከስፒዲ እንዳይለይ ይፈልጉ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ግን የእንግሊዝ መንግሥት የሚያሳድገው ልዑል በእንግሊዝ አገር በታወቀ ትምህርት ቤት መማር አለበት ብሎ ጸና። በ1864 ዓ/ም ገደማ ዓለማየሁ አማርኛውን ከሚያውቅለት ከመጨረሻው ሰው ተለይቶ ቼልተንሃም ለሚገኘው ኮሌጅ አስተዳዳሪ ለዶክተር ጄክስ ብሌክ ተሰጠ። ዶክተሩ በ1866 ዓ/ም የራግቢ ትምህርት ቤት ዋና መምህር ሆኖ ሲሾም ልጁም ተከትሎት ራግቢ ገባ።

ጄክስ ብሌክ ክፉ ሰው አልነበረም። በቤቱ አኑሮታል፤ ቤተሰቡም ወዶታል። በራግቢም ዓለማየሁ በኳስ ጨዋታ የተዋጣለትና ጓደኞቹ የሚወዱት ልጅ ነበር። ትምህርቱ ላይ ግን ወደ ኋላ ቀረ። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ዋና ሥራው ላቲንና ግሪክ ስለ ነበር፣ ገና እንግሊዝኛው ያልጠነከረለት ልጅ በእንግሊዝኛ በኩል ሌላ የሞተ ቋንቋ እንዲማር ይጠየቅ ነበር። አስተማሪዎቹ በጨዋታ ሜዳ ላይ እንደማንኛውም የእንግሊዝ ልጅ ሲናገር እየሰሙት በክፍል ውስጥ ሲያቅተው ሲያዩ ተፈጥሮው ለመጽሐፍ አልተሠራም ብለው ደመደሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚያ አስተማሪዎች ያላወቁትን ነገር ዛሬ የቋንቋ ምሁራን አጥንተውታል። ጂም ከሚንስ የተባለው የካናዳ ሊቅ እንዳስረዳው፣ ሕፃን ልጅ ለጨዋታና ለዕለት ኑሮ የሚበቃውን አዲስ ቋንቋ በሁለት ዓመት ያህል ሊይዝ ይችላል። መጽሐፍ አንብቦ ለመረዳት፣ ምክንያት ለመስጠትና ለመከራከር የሚያስፈልገው ቋንቋ ግን አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ደግሞም ይህ ሁለተኛው ቋንቋ ብቻውን የሚቆም አይደለም፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ በተገነባ ዕውቀት ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው መሠረት ከፈረሰ ሁለተኛው ግንብ ይዘማል። ዓለማየሁ ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜ ተነቀለ፤ በአማርኛ የሚያስበውን ሳይጨርስ በእንግሊዝኛ እንዲያስብ ተገደደ። ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ፣ ከእንግሊዝ ወደ ህንድ፣ ከህንድ ወደ ፔናንግ፣ ከዚያም ወደ ቼልተንሃምና ወደ ራግቢ ሲዛወር በአንዱም ቦታ ሥር ሊሰድ የሚችልበት ጊዜ አላገኘም። እንግዲህ ደካማ የነበረው ልጁ ነው ወይስ የተሰጠው ትምህርት? ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ፤ እኔ ግን ልጁን ለመፍረድ ድፍረቱ የለኝም።

ከራግቢ በኋላ ሳንድኸርስት ወደሚገኘው የጦር ትምህርት ቤት ላኩት። እርሱን ጠይቆ የላከው አልነበረም፤ የንጉሥ ልጅ ስለሆነ ወታደር ይሁን ተባለ እንጂ። ኑሮው አልተስማማውም፤ ትምህርቱም አልሆነለትም። አቋርጦም ራግቢ ሳለ ያስጠናው ወደ ነበረው ወደ ሲሪል ራንሰም ሊድስ ከተማ ሄደ። ከዚያ ቤት ሳለ ሳንባውን ታመመ። መርዝ አብልተውኛል ብሎ ስለ ጠረጠረ መብልም መድኃኒትም አልቀበልም አለ። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ይህን ጥርጣሬ እንደ በሽታው ምልክት ቆጠሩት። ነገር ግን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ስለ ራሱ የሚነገረውን ሁሉ ሌሎች ሲወስኑለት የኖረ ልጅ በመጨረሻ ማንንም ለማመን ቢያቅተው የሚያስገርም አይደለም። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ/ም በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ንግሥቲቱ እጅግ አዘኑ፤ በማስታወሻቸውም ሕይወቱ የደስታ ሕይወት እንዳልነበረ ጻፉ። ኅዳር 12 ቀን በዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። በአገሩ ያ ዕለት የኅዳር ሚካኤል ነበር።

ኢትዮጵያ አጽሙ እንዲመለስ ደጋግማ ጠይቃለች። በ2015 ዓ/ም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያ የተቀበሩትን ሌሎች ሙታን ሳይነኩ አጽሙን ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ሰጠ። በ2016 ዓ/ም መጀመሪያ በካፒቴን ስፒዲ ዘሮች እጅ ተጠብቆ የቆየ የጸጉሩ ቁራጭ ብቻ ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ከዓለማየሁ ታሪክ ጎን መቀመጥ ያለበት የሌላ ልጅ ታሪክ አለ። ወርቅነህ እሸቴ የጎንደር ልጅ ነበር። እርሱም በዚያው በ1860 ዓ/ም በመቅደላ ግርግር ከወላጆቹ ጠፍቶ በእንግሊዝ መኰንኖች እጅ ወደ ህንድ ተወሰደ፤ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ አማርኛውንም እንደ ዓለማየሁ ረሳ። ነገር ግን በአንድ አገር ረግቶ ተማረ፣ ሐኪም ሆነ፣ ከአድዋ ድል በኋላም ወደ አገሩ መጥቶ ዘመዶቹ በሰውነቱ ባለ ጠባሳ ለዩት። ከዚያ በኋላ ጎልማሳው ሐኪም ተቀምጦ አማርኛን እንደ ሕፃን ከፊደሉ ጀመረ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ/ም ሲከፈት የበላይ ኃላፊ የሆነው ይህ ሰው ነው። በውጭ ቋንቋ የሚማሩትን የኢትዮጵያ ልጆች ለመምራት ከእርሱ የበለጠ ማን ይገባዋል? ቋንቋ ማጣት ምን እንደሆነ ያውቅ ነበርና። ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዓ/ም ሸምግሎ በአገሩ ዐረፈ። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት የአእምሮ ልዩነት ነው ለማለት አልደፍርም። አንደኛው የሚረጋበት ስፍራና ወደ ራሱ ቋንቋ የሚመለስበት ዘመን አገኘ፤ ሁለተኛው ግን ሁለቱንም አላገኘም።

አሁን ወደ ፎገራ ልመለስ። ፎገራ የአለቃ ገብረ ሐና አገር ነው፤ በናበጋ፣ በዋገጠራና በቋሃር ያለ እረኛ ልጅ አማርኛ ሲናገር ሽማግሌ ያስቃል። ታዲያ ይኸው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ይለወጥበታል። እስከዚያ ድረስ እንግሊዝኛን የሚያውቀው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነበር። በዘጠነኛ ክፍል አጠገቤ ይቀመጥ የነበረ አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የአባቱን ሩዝ ያርም ነበር። ውኃው ማሳ ላይ ስንት ቀን ቢተኛ እንደሚጠቅም፣ ስንት ቀን ቢያልፍ እንደሚያበሰብስ ያውቃል፤ የማሳውን ምርት ቆሞ አይቶ በኩንታል ይገምታል። አንድ ቀን ተክል ምግቡን ከምን እንደሚሠራ በእንግሊዝኛ ተጠየቀ። ተነሣ፤ ዝም አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰም። ዛሬ ስለ ዓለማየሁ ሳነብ ትዝ የሚለኝ እርሱ ነው። አንደኛው በራግቢ፣ ሁለተኛው በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ሁለቱም ባላወቁት ነገር ሳይሆን መናገር ባቃታቸው ነገር ተመዘኑ።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ ጥቂት ነገር ይዘን እንሂድ። አንደኛ፣ ዝም ያለውን ልጅ ደደብ አንበለው። አዲስ ቋንቋ የሚማር ልጅ ከመናገሩ በፊት ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ዝምታውም ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ትምህርቱን አስቀድሞ በአማርኛ ይናገረው። ስለ ሩዙ፣ ስለ ርብ ሙላትና ስለ ከብቱ ያለውን ዕውቀት ዘርግቶ ከጨረሰ በኋላ የእንግሊዝኛውን ቃል ብንሰጠው ቃሉ የሚያርፍበት ስፍራ ያገኛል። ሦስተኛ፣ የሰዋስው ሕግ ከማሸምደድ ይልቅ አጭር ታሪክ ጮክ ብለን እናንብብለት፤ ከዚያም የራሱን ቀን በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ስሕተቱን ሁሉ በአንድ ቀን በቀይ ቀለም አንጥለቅልቀው፤ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እናርም። አራተኛ፣ ልጆቹ አረም ላይ ውለው ደክመው እንደሚመጡ አንርሳ። የአንድ ሰዓት ረጋ ያለ ጥናት ከሦስት ሰዓት ቁጣ ይበልጣል። ከሁሉም በላይ አማርኛ በመናገሩ የሚቀጣ ልጅ በእኛ ክፍል አይኑር። በዚህ መንገድ የሚገኘው እንግሊዝኛ ዋጋው እጅግ ውድ እንደሆነ የንጉሡ ልጅ ከፍሎ አሳይቶናል።

እንግሊዝኛ አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በምን ቋንቋ እንደ ተሞላ ሁላችንም እናውቃለን፤ የፎገራ ልጅም ከዚያ መደርደሪያ ድርሻው እንዲደርሰው እሻለሁ። የምለው ሌላ ነው። ድልድይ ሲሠራ ሁለት ዳርቻ ያስፈልገዋል። በርብ ላይ ድልድይ የሚሠራ ሰው የወዲያኛውን ዳርቻ ለመያዝ ብሎ የወዲህኛውን አይንድም። ልዑል ዓለማየሁ የወዲህኛው ዳርቻ ተንዶበት በመካከል የቀረ ልጅ ነው። እርሱን ዛሬ ልንረዳው አንችልም። ከወረታ መገንጠያ ላይ ደብተሩን በጉያው ይዞ የሚጠብቀንን ልጅ ግን ልንረዳው እንችላለን።